የጎደለው ስምንት ኩንታል ከአርባ ኪሎ

እጄ ድሮም ፈጣን አልነበረም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና ብዕሬን አስቀምጬ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። እናም ይህች የአራት ቀን ታሪክ ሁለት ወር ፈጅታብኛለች። እናንተም ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ውስጧ ትንሽ ስሌት አለባት፤ አትፍሩት፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው ኖሬ ነው።

አስካለ እባላለሁ። አዳማ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ አበራ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። በአንድ ቤት ሁለት መምህራን ስንኖር እሱ የእኔን ተማሪዎች ድርሰት ጮክ ብዬ ሳነብለት ያዳምጣል፤ እኔ ግን የእሱን ትምህርት አንድ ቀን አዳምጬለት አላውቅም። እራት ላይ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት፣ «አስኩ፣ ይሄ አረፋ ከየት የመጣ ይመስልሻል?» ይለኛል። «ከጠርሙሱ!» እለዋለሁ። ይስቅና ዝም ይላል። ዛሬ ያ ዝምታው ያንገበግበኛል።

ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር። ልብሱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው የማስተማሪያ ደብተሩን ግን አልሰጠሁም። ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ አንድ አንድ ገጽ አነብ ነበር። ልረዳው ብዬ ሳይሆን የእጅ ጽሑፉን ለማየት ነው። ትምህርቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ለራሱ በአማርኛ ማስታወሻ ይጽፋል። «የኋላ ወንበሮችን አትርሳ።» «ዛሬ ድምፅህ ከፍ ብሏል።» እኔ የማነበው ያንን ዳሩን ነበር።

አንድ ረቡዕ የአበራ ታላቅ እህት ዘውዴ ከደራ ደወለችልኝ።

«ነይ እንጂ አንቺ! ግድግዳ እያየሽ ልታልቂ ነው?»

«ምን ልሠራ?»

«ምንም አትሠሪም። እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ።»

ሐሙስ የአበራን ደብተር በቦርሳዬ ይዤ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደራ ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሩቅ አይደለችም። ዘውዴ እንዳለችውም አወራችኝ። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ የእድሩ ኖራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራቸው እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን የሚያስቀምጥበት ቤት እየሠራ ነበር። ግድግዳው በድንጋይ አልቆ ልስን ላይ ሲደርስ ሲሚንቶ ማግኘት አስቸገረ። አንድ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የእድሩ አባል፣ «አባቴ በኖራ ነበር የሚለስነው። ድንጋዩን አምጡልኝና እኔ አቃጥዬ ኖራ አደርግላችኋለሁ» አሉ። የኖራ ድንጋዩ በአንድ አባል አይሱዙ ተጭኖ መጣ። የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሳይመዘን የሚገባ ነገር አይወዱም። በጆንያ በጆንያ አስመዘኑት፤ ልክ ሃያ ኩንታል። ኦቦ ገመዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው እቶናቸው ውስጥ ደርድረው ሦስት ቀን አነደዱት፣ ሁለት ቀን አቀዘቀዙት። ከዚያ ኖራው ወጥቶ እንደገና ተመዘነ።

«ስንት ቢሆን ጥሩ ነው?» አለች ዘውዴ ዓይኗን አፍጥጣ።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ ኩንታል ከስልሳ! ስምንት ኩንታል ከአርባ ኪሎ የለም። አምስቱን ቀን ከእቶኑ አጠገብ ያደሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እስከ እሁድ ካልመለሱ ከእድር ይሰረዛሉ ተብሏል።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔም በልቤ «ሰርቀዋል» አልኩ። ግማሽ ያህል ዕቃ ሲጠፋ ሌላ ምን ይባላል?

ዓርብ ጠዋት ሰውየው ራሳቸው መጡ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ የጣቶቻቸው ቆዳ በኖራ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ጭቃ መስሏል። ዘውዴ የእድሩ ኮሚቴ አባል ስለሆነች ቃል እንድትናገርላቸው ሊለምኗት ነው የመጡት።

«አካም ቡልታን?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔን ሲያዩ ደግሞ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የመምህር አበራ ባለቤት ነዎት አሉ። ነፍሱን ይማር። እዚሁ ደራ ልጅ ሳለ አውቀዋለሁ፤ እቶን ጫፍ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ ነው የሚውለው።»

«ምን ይጠይቅዎት ነበር?»

«ኧረ እሱ የማይጠይቀው! ‹ጭሱ ለምን አነሰ? ድንጋዩ ለምን ነጣ?› ይለኛል። ‹ሂድ ወደ እናትህ› ብዬ አባርረዋለሁ።»

ዘውዴ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷን አጠበቀች። «ኦቦ ገመዳ፣ እኔ ምን ልበል? ሚዛኑ ተናግሯል።»

«ሚዛን ይናገር! የኔ ቅርጫት ግን አልጎደለችም!» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ዘውዴ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ሳቃጥል በቅርጫት ነው የምቆጥረው። አባቴም እንደዚያው። ሃምሳ ቅርጫት ድንጋይ አስገባሁ፤ ሃምሳ ቅርጫት ሊሆን ትንሽ የቀረው ኖራ አወጣሁ። ማን ሲመዝነው አይቻለሁ? እናንተ ናችሁ ዘንድሮ ሚዛን ያመጣችሁት!»

«ታዲያ ክብደቱ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«እሳት በላው።»

«እሳት ድንጋይ ይበላል እንዴ?»

ከኪሳቸው ሁለት ድንጋይ አወጡ፤ ሁለቱም የሕፃን ጡጫ ያህላሉ። «እጅዎ ደረቅ ነው? ኖራ እርጥብ እጅ ያቃጥላል» አሉና በግራ እጄ ጥሬውን፣ በቀኜ የተቃጠለውን አኖሩልኝ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። መጠናቸው አንድ ነው፤ የቀኜ ግን ባዶ ያህል ቀለለኝ። እጆቼን አቀያየርኩ፤ አሁንም ያው። ድንጋዩ አልተቆረሰም፣ አልተሸረፈም፣ ቅርጹ እንዳለ ነው፤ ክብደቱ ግን የለም። ሌባ ድንጋይ ይወስዳል እንጂ ከድንጋይ ውስጥ ክብደት ብቻውን አውጥቶ እንዴት ይወስዳል?

«ሰረቅሁ እንዳይሉኝ አይደለም የምፈራው» አሉ ሰውየው ሊሄዱ ሲነሡ። «ጫልቱ ታማለች። ትናንት ከእድር እንደምንወጣ ሰምታ ‹ነገ ብሞት ማን ያነሳኛል?› አለችኝ።»

ጫልቱ ባለቤታቸው ናቸው። ባሌን ከቀበርኩ ስምንት ወር ብቻ የሆነኝ ሴት ነኝና፣ ያ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ቀን የአዳማው እድራችን ድንኳኑን ባይተክል፣ ሬሳውን ባያነሳ፣ እኔ ከወለሉ ላይ የምነሳ ሰው አልነበርኩም።

ሰውየው እንደወጡ ደብተሩን አወጣሁ። ከዚህ በፊት ያነበብኳቸውን ገጾች አንድ በአንድ ገለጥኩ። የኖራ ድንጋይ የሚል ነገር አንድ ቦታ ዓይኔን እንደነካው ትዝ ይለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። ዳሩ ላይ በአበራ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «እዚህ ላይ ቆም በል። ‹የቀረው የት ሄደ?› ብለው እስኪጠይቁህ ድረስ አትመልስ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቹ እንዲጠይቁት ቆሞ ሲጠብቅ፣ እኔ ግን ያንን ገጽ አልፌው ነበር!

በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝን በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። የኖራ ድንጋይ ትንሿ ቅንጣት ከሦስት ነገር የተሠራች ናት፦ ከአንድ ካልሲየም፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ኦክስጅን። እሳት ሲያገኛት ለሁለት ትከፈላለች። ካልሲየሙ አንድ ኦክስጅን ይዞ ይቀራል፤ ኖራ የምንለው እሱ ነው። ካርቦኑ ሁለቱን ኦክስጅን ይዞ አየር ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ድንጋይ አንድ ኖራና አንድ አየር ማለት ነው። ይህንን ደብተሩ የሞል ምጥጥን ይለዋል፤ አንድ ለአንድ ለአንድ።

«ገባኝ!» ብዬ ዘውዴን ጠራኋት። «ለሁለት እኩል ይከፈላል ማለት ነው። ከሃያ ኩንታል አሥሩ ኖራ ይሆናል፣ አሥሩ አየር።»

ዘውዴ የምትለቅመውን ምስር አስቀምጣ አሰበች። «ታዲያ እሳቸው አሥራ አንድ ከስልሳ አይደል ያስረከቡት? ትርፉን አንድ ኩንታል ከስልሳ ከየት አመጡት? ከሌላ ሰው ሰርቀው ጨመሩበት?»

ቅስሜ ተሰበረ። ዘውዴ እያሾፈች አልነበረም፤ ልክ ነበረች። በዚህ ስሌት እሁድ እድር ፊት ብቀርብ ሰውየውን ይበልጥ አዋርዳቸው ነበር። ደብተሩን ዘጋሁት፤ ተናደድኩበት። «አንተ ሰውዬ፣ እስከመቼ በእንቆቅልሽ ታናግረኛለህ?» አልኩት ባሌን።

ቅዳሜ ማለዳ እንደገና ከፈትኩት። ለካ አበራ ተማሪው ሁሉ እንደኔ እንደሚሳሳት ሲያውቅ ኖሯል፤ በሚቀጥለው ገጽ ዳር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ቁጥርና ክብደት እንዳያምታቱ። ሞል የኬሚስት ደርዘን ነው። አንድ ደርዘን ሎሚና አንድ ደርዘን ፓፓያ ቁጥራቸው እኩል ነው፤ የሚሸከማቸው ትከሻ ግን ልዩነቱን ያውቃል።»

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

የእያንዳንዳቸው ክብደት ደብተሩ ላይ ነበር። ካልሲየም አርባ፣ ካርቦን አሥራ ሁለት፣ ኦክስጅን አሥራ ስድስት። ድንጋዩ አርባ፣ አሥራ ሁለትና ሦስት ጊዜ አሥራ ስድስት፤ አንድ መቶ። ኖራው አርባና አሥራ ስድስት፤ ሃምሳ ስድስት። አየሩ አሥራ ሁለትና ሁለት ጊዜ አሥራ ስድስት፤ አርባ አራት። ሃምሳ ስድስትና አርባ አራት ተመልሶ መቶ ይሆናል። ምንም አልጠፋም! ከመቶ ኪሎ ድንጋይ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ኖራ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከዚያ በላይ ሊገኝ አይችልም። ከሃያ ኩንታል አሥራ አንድ ኩንታል ከሃያ።

ሰውየው ያስረከቡት አሥራ አንድ ከስልሳ ነው። አሁንም አርባ ኪሎ ትርፍ አለ። እሱ አልገባኝም። ቢሆንም ልቤ ወደ አቶ ደምሴ ሮጠ፤ ነጠላዬን ለብሼ ወደ እህል መጋዘናቸው ሄድኩ።

አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ለባሌ «ነፍሱን ይማር» አሉልኝ፣ ወረቀቴን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እኔ ሃያ ዓመት እህል መዝኛለሁ። ወፍጮ ቤት ከኩንታል አንድ ኪሎ ብናኝ ይጎድላል። ከዚያ በላይ ከጎደለ ሰው ነው። ይሄን ያስተማረኝ ወረቀት ሳይሆን ሚዛን ነው።»

«እንግዲያው በሚዛን እንየው» አልኳቸው። «አንድ ኪሎ ጥሬ ድንጋይ እርስዎ ራስዎ ይመዝኑ። ቀጥቃጩ ጋ እናቃጥለው። ከዓይንዎ አይጥፋ። ስንት እንደሚወጣ ግን አሁኑኑ በወረቀት ጽፌ አጥፌ እሰጥዎታለሁ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አቶ ደምሴ ወረቀቱን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። «ይሁን። ገመዳም ይምጣ፤ ከእሳቱ ግን ሦስት እርምጃ ይራቅ።»

ቀጥቃጩ የማረሻ ጫፍና ቢላ የሚሠራ አፈኛ ጎልማሳ ነበር። ድንጋይ አብስልልን ስንለው፣ «ጨው ላድርግበት?» አለ። ኦቦ ገመዳ ከሦስት እርምጃ ርቀው፣ «እንደ ለውዝ አድቅቀው እንጂ እንዲያ እንዳለ ከሆነ ማታም አይደርስልህም» ብለው መከሩት። ከጎረቤት ሱቅ በመጣው ትንሽ ዲጂታል ሚዛን አቶ ደምሴ አንድ ሺህ ግራም መዝነው ወፍራም የብረት ጣሳ ውስጥ ከተቱት። ከሰሉ ተከመረበት፣ ወናፉ ተነፋ።

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ወሬው ስለተሰማ ሰው ተሰብስቧል። ጣሳው ወጥቶ ቀዝቅዞ ሲመዘን ስምንት መቶ አሥር ግራም ሆነ።

«መቶ ዘጠና ግራም በላ» አለ ቀጥቃጩ። «እሳቴም ሆዳም ነው ማለት ነው።»

አቶ ደምሴ ግን አልሳቁም። «መጉደሉን አየሁ። ግማሽ ሊጎድል ግን ብዙ ይቀረዋል። ወረቀቱን ልክፈተው?»

ስምንት መቶ አሥር! በዚህ ሒሳብ ከሃያው ኩንታል አሥራ ስድስት መውጣት ነበረበት። አበራ ተሳስቶ ይሆን? እኔ ተሳስቼ ይሆን? ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ ከሐዘኑ ነው» ስትል ሰማኋት።

«አይክፈቱት!» አሉ ኦቦ ገመዳ። ሦስቱን እርምጃ ረስተው ቀረቡ፤ ከጣሳው አንድ ፍሬ አንስተው በመዶሻ ሰበሩት። ዙሪያው ነጭ ነው፤ መሐሉ ግን ጠቆር ያለ፣ የጥሬው ድንጋይ መልክ። «ልቡ አልበሰለም። እኔ እኮ ሦስት ቀን አነዳለሁ! መልሱት።»

ተመለሰ። ከሰል ተጨመረ። ቀጥቃጩ ሲደክመው አቶ ደምሴ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ወናፉን ነፉ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመዘን ስድስት መቶ አርባ። ለሦስተኛ ጊዜ አምስት መቶ ሰባ።

«ይወርድና ዜሮ ይገባል እንዴ?» አለ አንዱ።

ደብተሩ ላይ «ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም» የሚል አንብቤያለሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙልኝ» አልኩ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። ጣሳው ለአራተኛ ጊዜ ወጣ። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ፤ አምስት መቶ ሰባ። ያው ነው። የዚህ እሳት አቅሙ እዚህ ድረስ ነው።

አቶ ደምሴ ወረቀቱን አውጥተው ገለጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አምስት መቶ ስልሳ ይላል» አሉ።

አቶ ደምሴ ጥሬ ድንጋይና የተቃጠለ ድንጋይ በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ዓርብ እኔ እንዳደረግሁት አቀያየሩ፤ ደጋግመው አቀያየሩ። ፊታቸው የሕፃን ሆነ። «የት ነው የሚሄደው?» አሉ ቀስ ብለው። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

«አየር ሆኖ ይወጣል።»

«አየር ይመዘናል?»

«ይመዘናል አሉ።»

«አሥር ግራም ግን በልጧል» አሉ ወዲያው፤ ነጋዴ ናቸውና። «እድሩ መጋዘን ያለውም አርባ ኪሎ ይበልጣል ብለውኛል። እሱስ?»

እኔ ትከሻዬን ሰበቅሁ። ኦቦ ገመዳ ግን ሳቁ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። «ኧረ እሱማ ልቡ ያልበሰለ ነው! እቶንም ይሁን ጣሳ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው አይበስልም። ከባድ የሚያደርገው እሱ ነው።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። አርባ አራት ኪሎ አየር የሚወጣው ከመቶ ኪሎ ድንጋይ ከሆነ፣ አርባ ኪሎ አየር ሳይወጣ የቀረውስ ከስንት ኪሎ ድንጋይ ነው? ደብተሩ ላይ ይህ የለም። እዚያው የቀጥቃጩ ደፍ ላይ ተቀምጬ በእርሳስ አባዛሁ፣ አካፈልኩ።

«ክምሩ ውስጥ ዘጠና አንድ ኪሎ ያህል ያልበሰለ ድንጋይ አለ» አልኩ።

እሁድ ጠዋት እድሩ በአዲሱ ቤት ግቢ ተሰበሰበ። አቶ ደምሴ ሌላ አጀንዳ ሳይከፍቱ ኖራውን አስወጡ። ኦቦ ገመዳ ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ በእጃቸው መዘኑ፣ አንኳኩ፤ ቀላሉን ወዲያ፣ ከባዱን ወዲህ አደረጉ። ከባዱን ሰብረው ነጩን ልጠው ልቡን ብቻ ጆንያ ውስጥ ጣሉ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። አደ ጫልቱ በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ከባላቸው እጅ አይነቀልም። መልቀሙ እስከ እኩለ ቀን ፈጀ። ጆንያዎቹ ሚዛን ላይ ወጡ።

«ሰማንያ ስምንት!» አለ የእድሩ ጸሐፊ።

ዘውዴ እልል ልትል አፏን ከፍታ እድር መሆኑን አስታውሳ ዘጋችው። አቶ ደምሴ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ ሚዛኑ አልዋሸም። ያልመዘንኩትን ነገር እንደሌለ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ገመዳ፣ በእድሩ ፊት ሌባ ብዬዎታለሁ፤ በእድሩ ፊት ይቅር ይበሉኝ።» ጎንበስ አሉ።

ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አራገፉ። «ይቅር ብያለሁ። እኔም ግን ጥፋት አለብኝ። አባቴ ‹እሳት በላው› አለኝ፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ‹እሳት በላው› ስል ኖርኩ። አንድ ልጅ ሲጠይቀኝ እንኳ አባረርኩት።» ወደ እኔ ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አደ ጫልቱ ከጥላው ሥር በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን አሉ ብዬ ዘውዴን ጠየቅኋት። «‹እንግዲህ ሳልፈራ ልታመም እችላለሁ› ነው ያለችው» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤያለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው፣ «አየሽ፣ የሞተ ሰውም እንዲሁ ነው፤ አይጠፋም፣ አየር ሆኖ አለ» ይሉኛል። ለማጽናናት ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። አበራ ቢሰማቸው ግን ይቆጣ ነበር። ኖራ ኖራ ነው፣ ሰው ሰው ነው። አበራ የለም። ይህን ማንም ስሌት አያስተካክለውም።

የተለወጠው ሌላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ደብተሩን የገለጥኩት እሱን ለማየት ነበር፤ የጻፈውን ለማየት አልነበረም። አሁን ገጹን ሙሉ ነው የማነበው። የአሥረኛ ክፍልን መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተውሼ ምዕራፍ ሦስት ደርሻለሁ፤ ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ስለ ሥራው ሊያወራችሁ የሚሞክር ሰው ካለ፣ ስሌት ይሁን ሞተር ይሁን የዶሮ መኖ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። እኔ ጠያቂ የሆንኩት መላሹን ካጣሁ በኋላ ነው፤ እናንተ አታድርጉት። ሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ደግሞ ያልተመዘነው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ዳኛዋ ብሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት ፈርጄ ጨርሼ ነበር።

ኦቦ ገመዳ ሚዛን ጀምረዋል። አሁን ባቃጠሉ ቁጥር የገባውንና የወጣውን ይመዝኑና ይደውሉልኛል፤ እኔ ደግሞ ስንት ኪሎ ልቡ እንዳልበሰለ አስልቼ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አምስት ኩንታል አስገብተው ስምንት ኩንታል ከሰባ አወጡ። መውጣት የነበረበት ስምንት ከአርባ ነው። አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ ደወልኩላቸው።

«ስልሳ ስምንት ኪሎ ያልበሰለ አለ፤ ይልቀሙት።»

ከሰዓት በኋላ መልሰው ደወሉ። ነፋሱና የሳቃቸው ድምፅ ተቀላቅሎ ይሰማኛል።

«ለቀምኩት፣ መዘንኩት። ስልሳ ስድስት ነው። ሁለት ኪሎ ጎድሏል፤ ማን ሰረቀው?»